ከእንቅርት ቀዶ ሕክምና በፊት ድምፅ ይመርመር

የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። እንቅርቴ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ድምፄ ሻከረ፤ ፊደል ሳስቆጥር ትንፋሼ ያጥረኛል፣ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች አይሰሙኝም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብኝ። የድምፅ አውታሬን ግን ለወራት ያየልኝ አልነበረም።

ማንቁርትን የሚያዘው ነርቭ አካሄዱ ጠማማ ነው። በግራ በኩል ደረት ድረስ ወርዶ፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ ዞሮ፣ በታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ወደ ላይ ይመለሳል። ዕጢው ሲነሳ ለጉዳት የሚጋለጠው ለዚህ ነው። ሐኪሙ ጋለን በ2ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ነርቭ ሲቆርጥ የአሳማው ጩኸት ወዲያው ጸጥ ማለቱን በአደባባይ አሳይቷል።

የተጎዳ ነርቭ መልሶ ሊያድግ ይችላል። በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ከጉዳቱ በኋላ በማንቁርት ጡንቻዎች ውስጥ እንደ ጂ.ዲ.ኤን.ኤፍ. እና ኔትሪን-1 ያሉ ነርቭን የሚመሩ ፕሮቲኖች መጠን በየጊዜው ይለዋወጣል። አውታሩን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ክሮች ግን በአንድ ነርቭ ውስጥ ስለሚጓዙ፣ ሲያድጉ ከተምታቱ አውታሩ በወጉ አይንቀሳቀስም። ፕሮቲኖቹ መቼና የት እንደሚመረቱ ማወቅ፣ ክሮቹን ወደየቦታቸው ለመመለስ ተስፋ ይሰጣል።

ያ ሕክምና እስኪደርስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። በቀጭን ካሜራ አውታርን ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ጉዳቱ በጊዜ ከታወቀ የድምፅ ልምምድም ሆነ አውታሩን የሚደግፍ መርፌ ይረዳል። መምህሩ፣ ቀዳሹ፣ ሙአዚኑ፣ የገበያ ነጋዴዋ በድምፃቸው ያድራሉ። ስለዚህ ሆስፒታሎቻችን ይህን ምርመራ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም መደበኛ ያድርጉት።