ቶሎ መፈታቱ ብቻ አይበቃም

ለዚህች ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ የራሴ ጥፋት ነው። ለተግባር ልምምድ ዲላ ውስጥ አንድ ጋራዥ በነበርኩበት ጊዜ የአንድ አይሱዙ የናፍጣ ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ እየተደፈነ አስቸገረን። በየጊዜው የቱቦውን ማሰሪያ መፍታትና ማሰር ሲሰለቸን "ለምን በእጅ ተጭነን የምንነቅለው ፈጣን ማያያዣ አንገጥምለትም?" አልኩ። ከኮምፕረሰር የአየር ቱቦ የተረፈ ነበር፤ ልኩም ሆነ። ገጠምነውና ሻይ ልንጠጣ ሄድን።

መኪናው በሳምንቱ ከገደብ የታጠበ ቡና ጭኖ ሲመጣ ኮረኮንቹ ላይ ማያያዣው ተላቀቀ። ሞተሩ ጠፋ፣ ናፍጣው ፈሰሰ። ረዳቱ ቱቦውን በጨርቅ አስሮ እንደምንም አደረሱት፤ ግን በዚያው እጁ ጆንያ አወረደ። ተረካቢው ሁለቱን ጆንያ አሽትቶ መለሰ። ቡና ሽታ ይስባል፤ የገበሬው የዓመት ልፋት በእኔ "ብልሃት" ተበላሸ።

እሳት አለመነሳቱም ዕድል ነው። "ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይቀጣጠልም" ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፣ ናፍጣ በእሳት የሚያዝ ትነት የሚሰጠው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው። ነገር ግን ተረጭቶ የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ካረፈ ክብሪት ሳይጫር ሊነድ ይችላል።

ታዲያ ምን እንምረጥ? በእኔ አስተያየት የሚከተሉት መታለፍ የለባቸውም።

አንደኛ፣ ማያያዣው ለነዳጅ የተሠራ ይሁን። የአየሩ አብዛኛውን ጊዜ ቫልቭ ያለው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ሲነቀል ሌላው ወገን ይፈሳል፤ ቀለበቱም በንዝረት ወደኋላ ሊንሸራተት ይችላል። ለመኪና የሚሆነው ሁለተኛ መቆለፊያ ያለው ነው።

ሁለተኛ፣ ኦሪንጉን እንመልከት። ቫይተን ለናፍጣ አስተማማኝ ነው። ኢፒዲኤም የሚባለው የፍሬን ዘይት ጎማ ግን ናፍጣ ሲነካው ያብጣል። ሁለቱም ጥቁር ሊሆኑ ስለሚችሉ በዓይን መለየት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ የመመለሻ መስመር ላይ ሲነቀል ራሱን የሚዘጋ ማያያዣ አይገጠም። በደንብ ካልገባ መመለሻው ይታፈንና ግፊቱ ፓምፑን ይጎዳል።

አራተኛ፣ ከፓምፕ ወደ ኢንጀክተር በሚሄደው የከፍተኛ ግፊት መስመር ላይ ፈጣን ማያያዣ ፈጽሞ አይታሰብ። በኮመን ሬይል ሞተር ግፊቱ ከ1,600 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል።

አንዳንድ ጓደኞቼ "ትክክለኛው ውድ ነው፣ ዲላም እንደልብ አይገኝም" ይላሉ። ልክ ናቸው። የእኔ መልስ ግን "እንግዲያውስ ያገኘነውን እንግጠም" አይደለም። በወር አንዴ ለሚፈታ መስመር የነዳጅ ቱቦና ጥሩ ማሰሪያ ይበቃል። ፊልትሮው ቶሎ ከተደፈነ ደግሞ በሽታው ታንኩ ውስጥ ነው፤ ታንኩን ማጠብ እንጂ ፊልትሮ መቀየርን ማቅለል መድኃኒት አይሆንም። እኔም ያኔ ይህን ባስብ ኖሮ ጆንያዎቹ አይመለሱም ነበር።

"ትንሽ ጠብታ ምን አላት?" የሚልም አለ። እስቲ እናስላው፦ በሴኮንድ አንድ ጠብታ ብትወርድና 30 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ቢሞላ፣ በ10 ሰዓት ጉዞ 1.2 ሊትር ይፈሳል። የመንግሥት የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲቀነስ የመጣ በመሆኑ ይህ ለባለንብረቱ ቀላል ገንዘብ አይደለም። መሬቱስ? የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የተመዘገበው ገበሬው ዛፉን፣ እንሰቱንና ቡናውን አንድ ላይ ጠብቆ ስላቆየው ነው። እኛ መካኒኮች ናፍጣ ልናጠጣው አይገባም።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። በወርክሾፓችን የአየርና የነዳጅ ማያያዣ በተለያየ መሳቢያ ይቀመጥ። በተግባር ፈተናም ተማሪው ማያያዣውን ከገጠመ በኋላ ጎትቶ ማረጋገጡና ሞተሩን አስነስቶ ፍሳሽ ማየቱ ነጥብ ይያዝበት። "ጠቅ" የሚል ድምፅ ሰምቶ መሄድ እኔን ምን እንዳደረገኝ አይታችኋል።