"በእኛ ዘር የለም" ማለት ይብቃ

ዛሬ ትንሽ ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ሲወለድ ከእናትየው ቶሎ የምሰማው ጥያቄ "ዶክተር፣ ምን አጥፍቼ ነው?" የሚል ነው። ከኋላዋ ደግሞ "በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም" የሚል የባል ዘመድ አይጠፋም። እሷም ያነሳችውን ጀሪካን፣ የደነገጠችበትን ቀን፣ የዋጠችውን የወሊድ መከላከያ ሁሉ ትቆጥራለች።

አንዱም አይደለም። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሴል ሲከፈል ክሮሞዞሞችን እኩል የሚያካፍል ከፕሮቲን ክሮች የተሠራ መሣሪያ አለ፤ ስፒንድል ይባላል። ክሮቹን የሚሠራው ቱቡሊን የተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ ሌሎች ፕሮቲኖች ደግሞ ክሮቹን አስረው በሁለቱም ጫፍ ይሰበስቧቸዋል። በሌላው የሰውነታችን ሴል ይሄ ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል። በሴት እንቁላል ውስጥ ግን ወደ 16 ሰዓት ይፈጃል፤ እሱም ሆኖ ብዙ ጊዜ ስፒንድሉ ቅርጹን ይስታል። በ2022 ጀርመን ውስጥ ያሉ የማክስ ፕላንክ ተመራማሪዎች አንዱን ምክንያት አገኙት። ስፒንድሉን የሚያረጋጋው ኬአይኤፍሲ1 የተባለ ፕሮቲን በአይጥና በላም እንቁላል ውስጥ አለ፤ በሰው እንቁላል ውስጥ ግን እጅግ አነስተኛ ነው። ፕሮቲኑን ከውጭ ሲጨምሩለት ስፒንድሉ ተረጋጋ።

እንግዲህ "በዘር የለም" ከተባለ፣ የሌለው በሰው ዘር ሁሉ ነው!

ክፍፍሉ ሲሳሳት 21ኛው ክሮሞዞም አንድ ትርፍ ይኖረዋል። አብዛኛው ዳውን ሲንድረም የሚመጣው እንዲህ ነው። እንቁላሎች ሴቷ ራሷ ሳትወለድ የተፈጠሩ ስለሆኑ ክሮሞዞሞቹን የሚያያይዘው ፕሮቲንም ከዕድሜ ጋር ይላላል፤ በ40 ዓመት ዕድሜ ከ100 ወሊድ አንድ ያህል ይደርሳል። ግን በ22 ዓመቷም የምትወልድ አለች። በዘር የሚተላለፈው ዓይነት ጥቂት ነው፣ እሱም ከአባት ሊመጣ ይችላል (አማቶች ይሄን ስሙልኝ)።

እኔን የሚያናድደኝ ጥፋተኛ ሲፈለግ የሚባክነው ጊዜ ነው። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ጸበል የምትወስዱ ውሰዱ፤ ግን ልጁ ገና ጨቅላ እያለ የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ይነሣ፣ የታይሮይድ፣ የጆሮና የዓይን ምርመራም ይደረግለት። ባልም አብሮ ይምጣ።