«ነፃ» ስለሚባለው ስልክና ስለ ውሉ

በስደት የሚኖር ተማሪ ካገር በወጣ በመጀመሪያው ወር ከሚፈርማቸው ወረቀቶች መካከል ሳያነብ የሚፈርመው አንድ ብቻ ነው፤ የስልክ ውል። የዩኒቨርሲቲውን መመዝገቢያ ያነባል። የቤት ኪራዩን ውል ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው አሳይቶ ያስመረምራል። የኢሚግሬሽኑን ቅጽ ሦስት ጊዜ እያገላበጠ ያየዋል። የስልኩን ውል ግን ሻጩ «እዚህ ላይ» ባለው ቦታ በጣቱ ፈርሞ ይወጣል። ስልኩ «ነፃ ነው» ተብሏላ! ለነፃ ነገር ደግሞ ምን ውል ይነበባል? ይህ ጽሑፍ የተነሣው ይህችን «ነፃ» የምትል ቃል ለመመርመር ነው።

በመካከላችን ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት አመለካከት ይሰማል። አንደኛው፣ ስልክ ጋዜጣችን፣ የስብሰባ አዳራሻችንና ከእናት ካባት መገናኛችን ስለ ሆነ ዋጋውን መቁጠር ንፉግነት ነው ይላል። ሁለተኛው ስልኩን የከበርቴ መጫወቻ አድርጎ ይኮንናል፤ ኩነኔውን ግን በዚያው ስልክ ጽፎ ያሰራጫል። ሁለቱም ከሒሳቡ ይሸሻሉ፤ የፊተኛው ስለሚፈራው፣ የኋለኛው ስለሚንቀው። በአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በትምህርት ወራት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ሕግ ይከለክለዋል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ሒሳብ የመማርና ያለመማር ጉዳይ ነው።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አፕል የመጀመሪያውን አይፎን በጁን 2007 በአሜሪካ ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው 499 እና 599 ዶላር ነበር፤ ገዢውም ከኤቲ ኤንድ ቲ ጋር የሁለት ዓመት ውል መግባት ነበረበት። በሴፕቴምበር ትልቁ ወደ 399 ዶላር ወረደ። በጁላይ 2008 ሁለተኛው አይፎን ሲወጣ ዋጋው 199 ዶላር ነው ተባለና «በግማሽ ዋጋ» እየተባለ ተለፈፈ። ዳሩ ግን ቀድሞ በወር 20 ዶላር የነበረው የዳታ ክፍያ በዚያው ቀን 30 ዶላር ሆነ። ዐሥር ዶላር በ24 ወር 240 ዶላር ነው። በበር የተሰጠው የ200 ዶላር ቅናሽ በመስኮት 240 ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። በፊት ከዳታው ጋር ይታደሉ የነበሩት 200 አጫጭር መልእክቶችም ለብቻቸው የሚከፈልባቸው ሆኑ። ይህ ምሥጢር አልነበረም፤ እርሳስና ወረቀት ያለው ሁሉ ሊደርስበት ይችል ነበር። ሆኖም የሰዉ ዓይን ያረፈው በበሩ ላይ እንጂ በመስኮቱ ላይ አልነበረም።

ከውሉ ልውጣ ላለ ደግሞ ቅጣት ተዘጋጅቶ ነበር። ቬራይዘን በኖቬምበር 2009 ለስማርት ስልክ ውል ማፍረሻ 350 ዶላር ሲያስከፍል፣ ኤቲ ኤንድ ቲ በጁን 2010 የራሱን ወደ 325 ዶላር ከፍ አደረገ። ቲ ሞባይል በማርች 2013 የሁለት ዓመቱን ውል ሲተው፣ ቬራይዘን በ2015፣ ኤቲ ኤንድ ቲም በጃንዋሪ 2016 ተከተሉት። በዚያን ጊዜ ውል የሚባል ነገር ተሻረ እየተባለ ተጨበጨበ።

ሐቁ ግን ሰንሰለቱ ስም ለወጠ እንጂ አልተፈታም። ዛሬ ሻጩ «ውል የለም፤ በፈለግህ ቀን መሄድ ትችላለህ» ይልሃል፤ ቃሉም እውነት ነው። ያልነገረህ ነገር ግን አለ። የስልኩ ሙሉ ዋጋ በስምህ እንደ ብድር ተመዝግቧል፤ ኩባንያው በየወሩ ከቢልህ ላይ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ «ነፃ» ያደርግልሃል። ይህም በቬራይዘንና በኤቲ ኤንድ ቲ 36 ወር ይፈጃል። በ15ኛው ወር ልሂድ ብትል ቅናሹ በዚያው ቀን ይቆማል፤ የቀረው የ21 ወር ዕዳ ግን ካንተው ጋር ይቀራል። የድሮው ውል ሁለት ዓመት ያስር ነበር፤ ውል የለሹ ሦስት ዓመት ያስራል። የማስተርስ ትምህርት ሁለት ዓመት መሆኑን እያሰብን እንሂድ።

ሒሳቡን በምሳሌ እናስቀምጠው። አንድ ስልክ 800 ዶላር ያወጣል እንበል። ይህ ስልክ «በነፃ» የሚሰጠው ውድ የሆነውን ወርኃዊ አገልግሎት ለሚወስድ ሰው ነውና፣ ከነግብሩና ከነልዩ ልዩ ክፍያው በወር 85 ዶላር ይከፍላል እንበል። በ36 ወር 3,060 ዶላር ይሆናል። ሌላው ተማሪ ያንኑ ስልክ በ800 ዶላር ገዝቶ በወር 25 ዶላር ቅድመ ክፍያ ቢጠቀም 900 ሲደመር 800፣ በጠቅላላው 1,700 ዶላር ያወጣል። ልዩነቱ 1,360 ዶላር ነው። በሰዓት 15 ዶላር ለሚያገኝ ተማሪ ይህ ከ90 ሰዓት በላይ ሥራ ነው፤ ሕግ በፈቀደለት 20 ሰዓት ሲካፈል ከአንድ ወር በላይ ሌሊት ሌሊት ወለል መጥረግ ማለት ነው። «ነፃ» የተባለው ስልክ ዋጋ ይኸው ነው።

እንግዲህ፣ ርካሹ መንገድ ካለ ወገናችን ለምን አይሄድበትም? ከዚህ ላይ ደፍረን መናገር አለብን፤ ግማሹ ምክንያት ሐፍረት ነው። በአሜሪካ ቅድመ ክፍያ የድኻ ስልክ ተደርጎ ይታያል። ከአገራችን ስንመጣ ግን ሁላችንም ቅድመ ክፍያ ብቻ ነበር የምናውቀው። ደሴ ከሱቅ በረንዳ ላይ ካርድ ፍቃ የምትደውል እናት ምን ያህል እንዳወጣች፣ ምን ያህል እንደ ቀራት አሳምራ ታውቃለች፤ ካርዱ ሲያልቅ ንግግሩ ያልቃል፣ ዕዳ ግን አይወለድም። ልጇ ዋሽንግተን ገብቶ በሦስት ዓመት ዕዳ የተያዘ ስልክ ሲይዝ እንደ ሠለጠነ ይቆጠራል። ከሁለቱ ማን ነው የሠለጠነው?

ሌላው ግማሽ ምክንያት አለማወቅ ነው። አነስተኞቹ የቅድመ ክፍያ ኩባንያዎች የራሳቸው አንቴና የላቸውም፤ የሚከራዩት ከእነዚያው ከትላልቆቹ ነው። እንዲያውም አንዳንዶቹ በትላልቆቹ ተገዝተዋል፤ ትራክፎንን በ2021 ቬራይዘን፣ ሚንት ሞባይልን በ2024 ቲ ሞባይል ገዝተዋቸዋል። ስለዚህ በ25 ዶላርና በ85 ዶላር የሚሄደው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አንቴና ያልፋል። እርግጥ ነው፣ መስመሩ በሚጨናነቅበት ሰዓት ርካሹ ተራ ይጠብቃል። ዳሩ ግን በውድ የተሸጠው «ያልተገደበ» ዳታም ቢሆን ገደብ ሲያጋጥመው አይተናል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኤቲ ኤንድ ቲን በ2014 የከሰሰው «ያልተገደበ» ብሎ የሸጠላቸውን ደንበኞች ፍጥነት ቀንሷል በማለት ነበር፤ ጉዳዩም በ2019 በ60 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ በስምምነት ተዘግቷል።

ስለ ስጦታውም አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባም። ወደ አገር የሚመለስ ሰው ለወንድም ለእኅት ስልክ ይዞ መሄዱ ልማድ ሆኗል። ዕዳው ያላለቀ ስልክ ግን ብዙውን ጊዜ ለሸጠው ኩባንያ የተቆለፈ ነው፤ አዲስ አበባ ሲደርስ የኢትዮ ቴሌኮምን መስመር አልቀበልም ይላል። የተፈታ እንኳ ቢሆን፣ ከአይፎን 14 ወዲህ በአሜሪካ የሚሸጡት አይፎኖች የሲም ካርድ ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም። እኅት በሳጥን የተጠቀለለ መስተዋት ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፤ ሰጪው ደግሞ አሜሪካ ተመልሶ ዕዳውን ይከፍላል።

አንዳንድ ወገኖች «ይህ የገበያ ሕግ ነው፤ ምን ማድረግ ይቻላል?» ይላሉ። የገበያ ሕግ ቢሆን ኖሮ በየአገሩ አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። በብሪታንያ ኩባንያዎች የተቆለፈ ስልክ እንዳይሸጡ ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ ተከልክለዋል። በጀርመን ከዚያው ወር ወዲህ የመጀመሪያው ውል ካበቃ በኋላ ደንበኛው በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መውጣት ይችላል፤ ቀድሞ ሳያስታውስ ከቀረ ለተጨማሪ አንድ ዓመት ይታሰር ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ድንበር ለተሻገረ ይታሰብ የነበረው ተጨማሪ የዝውውር ክፍያ በጁን 2017 ቀርቷል። እነዚህ ሁሉ የተገኙት በደንበኞች ጩኸትና በተቆጣጣሪዎች ውሳኔ ነው፤ ካምፓኒዎቹ በልግስና ያደረጉት የለም። ሆኖም አውሮፓ ያለው ወገናችን እዚህ ላይ እንዳይታበይ። የብሪታንያው ሲቲዝንስ አድቫይስ በ2017 እንዳጋለጠው፣ የስልካቸውን ዋጋ ከፍለው ከጨረሱ በኋላም በአማካይ በወር 22 ፓውንድ ለዚያው ስልክ የሚከፍሉ ደንበኞች ነበሩ። ውሉ አልቋል ብሎ የነገራቸው የለም፤ እነርሱም አልጠየቁም።

እስካሁን የተናገርነው በገንዘብ ስለሚቆጠረው ነው። በገንዘብ የማይቆጠረውም አለ። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በአፕሪል 2024 በትላልቆቹ ኩባንያዎች ላይ በድምሩ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቅጣት የወሰነው፣ ደንበኞቻቸው ያሉበትን ቦታ የሚያሳይ መረጃ ያለ ፈቃዳቸው ለሌሎች አሳልፈው ሸጠዋል በማለት ነበር፤ ኩባንያዎቹም ውሳኔውን በፍርድ ቤት ተከራክረዋል። ለአሜሪካዊው ይህ የማስታወቂያ ጣጣ ሊሆን ይችላል። አገሩን በፖለቲካ ምክንያት ለቆ ለወጣ ሰው ግን የት እንዳለ ማን እንደሚያውቅ የሕይወት ጥያቄ ነው። ይህም ዋጋ በቢሉ ላይ አልተጻፈም። የስልኩ ባትሪ የሚሠራበት ኮባልት አብዛኛው ከኮንጎ እንደሚወጣ፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 ሕፃናት ጭምር በእጃቸው ሲቆፍሩት እንደሚውሉ መዘገቡም እንዲሁ አልተጻፈም።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ለምን እንደምንከፍል ስንጠይቅ ነው። «ቤተሰቤን ለማግኘት» እንላለን። በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሁለት ዓመት ያህልም በአብዛኛው እንደ ተዘጋ ቆየ። በኦገስት 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። በእነዚያ ወራት በቦስተንም በፍራንክፈርትም ያለ ተማሪ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ ሙሉ ቢሉን ከፈለ። ኩባንያው አንድ ሳንቲም አልቀነሰም፤ ሊቀንስም አይገባውም ይባል ይሆናል፣ መስመሩን የዘጋው እርሱ አይደለምና። ግን እኛ የገዛነው ነገር ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታይቷል። ቤተሰባችንን አልገዛንም፤ የገዛነው እስከ ባሕር ማዶው በር ድረስ የሚያደርስ መንገድ ነው፤ የበሩ ቁልፍ በሌላ እጅ ነው። ስልኩን ከእናት ጋር እያመሳሰለ «ዋጋ አይቆጠርበትም» የሚለን ወገን ይህን ይመልስልን።

ስልኩን ጣሉት ለሚለው ወገን መልሳችን አጭር ነው። መጣል የሚገባው ዕዳው ነው። ብቻውን ያለ ተማሪ ከሁሉ የበለጠ ይከፍላል፤ ምክንያቱም የኩባንያዎቹ ቅናሽ የተቀረፀው አራትና አምስት መስመር ለያዘ ቤተሰብ ነው። ይህን ለማምለጥ አንዳንዶች በአንድ ሰው ስም አምስት ሆነው ይገባሉ፤ አንዱ ከተማ ሲቀይር ወይም ሲጣላ ያ ስሙን ያዋሰው ምስኪን የአምስት ሰው ዕዳ ተሸክሞ ክሬዲቱ ይበላሻል። ስሙን የሚያውስ ሁልጊዜ ቀድሞ የመጣው ደጉ ልጅ ነው።

አገራችን ግን ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ከጥንት ጀምሮ አላት፤ ዕቁብ ይባላል። ዐሥር ተማሪዎች በወር 40 ዶላር ቢጥሉ ለእያንዳንዱ በተራው 400 ዶላር ይደርሰዋል። በ400 ዶላር ያልተቆለፈ፣ ሁለት ዓመት ያገለገለ ደኅና ስልክ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ለማንም ኩባንያ ዕዳ ሳይኖር ቅድመ ክፍያ እየሞሉ መሄድ ነው። «ወስዶ የሚጠፋ ቢኖርስ?» የሚል ጥያቄ ባለፈው ስብሰባ ተነሥቷል። ዕቁብ ዋስ ይጠይቃል፤ ኩባንያውም ቢሆን ያለ ክሬዲት ምርመራ ወይም ያለ መያዣ ገንዘብ ለማን አመነ? የማኅበሩ ቅርንጫፎች ዳኛና ጸሐፊ መርጠው ከመጪው ሴሚስተር በፊት ይጀምሩት። ዕጣውም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች አይውጣ፤ በመስከረም አዲስ ለሚገቡት ተማሪዎች ይሰጥ፤ የሻጩን «እዚህ ላይ» የሚሰሙት እነርሱ ናቸውና።