ያልመጣው ማን ነው?

የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ለትምህርት ወደ አሜሪካ ትሄዳለች። ሰሞኑን እነሱ ቤት ሻንጣ ከሚዛን ላይ አይወርድም። የተፈቀደላት ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። እህቴ በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ ስትጨምር ልጅቷ ታወጣለች። «ለአንድ ሰው አምስት ኪሎ በርበሬ ምን ያደርጋል?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። እዚያ ሰባት ዓመት ስለኖርኩ ዳኛዋ እኔ ነኝ። ቶሎ መልስ አልሰጠኋትም፤ ነገሩ ረጅም ነው።

በሰው አገር የመጀመሪያውን ፋሲካ የዋልኩት በ2008 ዓ.ም. ነው። የምኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራ በምትገኘው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነበር። በዚያ ዓመት የፈረንጆቹ ፋሲካ ካለፈ ከወር በላይ ሆኖት ነበር፤ የእኛ ሚያዝያ 23 ቀን ዋለ። ለከተማው ተራ እሑድ ነው። የምሠራበት ሱቅ ክፍት ነው፤ እኔም ተረኛ ነኝ። ጠዋት እንቁላል ጠብሼ በዳቦ በላሁና ሥራ ገባሁ። 55 ቀን የጾምኩትን የፈታሁት በዚያ ነው። በምሳ ሰዓቴ እናቴ ደወለች፤ አዲስ አበባ መሽቷል። «በምን ፈሰክሽ?» አለችኝ። «በዶሮ» አልኳት። «ማን ሠራልሽ?» ስትለኝ «ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ሠራን» አልኩ። ጓደኛ የሚባል አልነበረኝም።

ማታ ወደ ቤቴ ስገባ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የዶሮ ወጥ ሸተተኝ። ሽታውን ተከትዬ አንድ በር ፊት ቆምኩ። ለማንኳኳት እጄን አነሳሁ፤ መልሼ አወረድኩ። ምን ልበል? «ሸቶኝ ነው የመጣሁት» ይባላል? ልመለስ ስል በሩ ተከፈተና ነጠላ ያጣፉ እናት የቆሻሻ ፌስታል ይዘው ወጡ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ ምን ይገትርሻል? ግቢ እንጂ!» አሉኝ።

እማማ እላቸው ጀመር። የልጃቸውን ልጆች ሊያሳድጉ መጥተው ቀርተው ነው። ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር እንደሚያወሩ ስጠይቃቸው ሳቁ፤ ልጅና አማቻቸው ሥራ ናቸው፣ ሕፃናቱ በአማርኛ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱት። የዚያን ቀን እኔ ተርቤ የገባሁ መስሎኝ ነበር። በኋላ ስገምት ከሁለታችን የበለጠ ሰው የተራቡት እሳቸው ነበሩ።

ለዘመን መለወጫ አራት ሆንን። ለገና አሥራ አንድ። በ2010 ዓ.ም. ገና ሃያ ስድስት ሰው እማማ ሳሎን ውስጥ ተፋፍጎ ነበር። ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ነርስ፣ ተማሪ፣ ገና ከአውሮፕላን የወረደ ሁሉ። ከመካከላችን አንዲት የደሴ ልጅ ሙስሊም ናት፤ የራሷን ድስት ከሐላል ሥጋ ሠርታ ይዛ ትመጣለች። በዒድ ደግሞ እሷ ትጠራንና ለእኛ ዓሣና አትክልት ለብቻው ታቀርባለች። (እዚህ አገር ቤት «ማን ባረከው?» ብለን ካልጠየቅን ሥጋ የማንቀምስ ሰዎች፣ እዚያ በማሽን ታርዶ በላስቲክ የታሸገ ዶሮ ገዝተን ስንመጣ አንድም ሰው ጠይቆ አያውቅም። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያስቀኛል።)

ችግሩ የመጣው ደስታው በበዛበት በዚያው ቀን ነው። እማማ ሁለት ቀን ሙሉ ቆመው አሥር ኪሎ ሽንኩርት አቁላልተዋል። ጭስ ሲሸተው የሚጮኸው መሣሪያ ሦስት ጊዜ ጮሆ ጎረቤት ወጥቷል። የሱፐርማርኬት ዶሮ ቶሎ ስለሚፈርስ አሥራ ሁለቱን ብልት ሳይበታተን ለማውጣት ምድጃው አጠገብ ቆሞ መጠበቅ ይፈልጋል። ወንዶቻችን ሶፋ ላይ ስለ አገር ፖለቲካ ሲከራከሩ አንዳቸውም ሰሃን አላጠበም። ይህን ስጽፍ ዛሬም ይቆረቁረኛል፤ እኔም ከአጣቢዎቹ አንዷ ስለነበርኩ። በማግሥቱ እማማ ከወገባቸው ቀና ማለት አቃታቸው። ልጃቸው «ይህ ነገር ይብቃ» አለች። እውነቷን ነው፤ ወጪው በእሷ ደመወዝ፣ ድካሙ በእናቷ ወገብ ነበር።

እንግዲያው ሁሉም አንድ አንድ ምግብ ይዞ ይምጣ አልን፤ እዚያ የተለመደ ነው። እማማ ተቆጡ። «ቤቴ የጠራሁትን ሰው ምግብህን ይዘህ ና ልለው? ከዚያስ ባልጠራው!» ሁለት ወር ያህል ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ፋሲካ ሲቃረብ ራሳቸው መላ አመጡ። «እናቴ የጊዮርጊስ ማኅበር ነበራቸው። ማኅበር በተራ ነው፤ ተረኛው ይደግሳል፣ ሌላው ያግዛል። ማንም ለምን አገዝከኝ ብሎ አይቆጣም። እኛም እንደዚያ እናድርግ» አሉ። ምግብ ይዞ መምጣት ያሳፈራቸው ነገር ተራ ሲባል ክብር ሆነ። ወንዶቹም ተራ ደረሳቸው። የአንዱን ዶሮ ወጥ መልክ ባልናገር ይሻላል።

ከተራው ጋር አንድ ሌላ ልማድ መጣ። ድፎው ከመቆረሱ በፊት እማማ ቆመው ዙሪያውን ያያሉ። ከዚያ «ያልመጣው ማን ነው?» ይላሉ። ሥራ ገብቶ ነው፣ ታሞ ነው፣ ተቀይሞ ነው፤ ለእያንዳንዱ መልስ ካልተሰጣቸው ቢላውን አያነሱም።

በ2011 ዓ.ም. ገና ሰኞ ዋለ። ሁሉም ከሥራ እየወጣ ስለሚመጣ የተቀጣጠርነው ለምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ተረኛዋ ነርሷ ነበረች። እማማ እንደ ልማዳቸው ሲቆጥሩ አንድ ሰው ጎደለ። ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው፤ ዋሽንግተን መሀል ከተማ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራሉ፣ ቤዝመንት ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁልጊዜ ሁለት እሽግ እንጀራ ይዘው ቀድመው ይመጣሉ፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በልተው ወደ ሥራቸው ይሮጣሉ። ብዙም አያወሩም። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም። «ተኝተው ይሆናል» አለ አንዱ። እማማ ቢላውን አስቀመጡ።

ነርሷና እኔ ሄድን። ባለቤቱ በሩን የከፈተልን እያመነታ ነው፤ «የሌሊት ሠራተኛ ናቸው፣ ተኝተዋል ብዬ ነው ያልቀሰቀስኳቸው» አለን። መብራቱ በርቷል፤ ጋሼ በአልጋውና በበሩ መካከል ወድቀዋል። የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ከእኛ አንድም ሰው አያውቅም ነበር። ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስተዋል። ነርሷ ወደ 911 ደወለች፣ አምቡላንስ መጣ። ሲነጋ ሆስፒታል አልጋ ላይ ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ የጠየቁት «ዶሮዬን ማን በላው?» ብለው ነው።

እንጀራው፣ ሁለቱም እሽግ፣ በር ላይ በፌስታል ተቀምጦ ነበር። ሊመጡ ተነስተው ነው የወደቁት።

በትልልቅ አዳራሽ፣ በትኬት፣ ዘፋኝ ተጠርቶ የሚከበር በዓልም እዚያ ሞልቷል። ሄጄበታለሁ፤ ጨፍሬበታለሁም፣ አልነቅፈውም። ግን ትኬት ቆራጩ የገባውን እንጂ የቀረውን አይቆጥርም። ጋሼ በዚያ ምሽት ትኬት ቆርጠው ቢሆን ኖሮ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ የእያንዳንዳችን ሕመም፣ የቤት ቁልፍ ያለው ሰውና አገር ቤት የሚደወልለት ቤተሰብ በእማማ ደብተር ተጻፈ። ቆይቶ በየወሩ ጥቂት ዶላር ማዋጣት ጀመርን፤ እድር ብለን ግን አልሰየምነውም፤ እማማ «ሳንሞት?» ብለው ከለከሉ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ትናንት ማታ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «የማላውቀውን ሰው በር ማንኳኳት ግን ያሳፍራል» አለች። ያሳፍራል አልኳት፤ እኔም አላንኳኳሁም፣ በሩ ራሱ ነው የተከፈተልኝ። «ስለዚህ ወጡን አንቺ ሥሪና በሩን ገርበብ አድርጊው።»

ሻንጣው 25 ኪሎ መዘነ። ሁለት ጥንድ ጫማ አወጣች።