ረዥሙ የበዓል ጉዞና ጀልባው

በበዓል ሰሞን ከሆመቾ ተነሥቶ በሆሳዕና፣ በወራቤና በቡታጅራ አድርጎ እስከ ዝዋይ ሐይቅ የሚወርድ ቤተ ሰብ መንገዱ ቢረዝምበትም ድካሙ ከንቱ አይደለም። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች ይገኛሉ። ከሁሉ የሚሰፋው ቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ያለበት ነው፤ በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው እንደ ተጠለሉበት በትውፊት ይነገራል።

ነገር ግን እኛን የሆመቾ ሰዎች ያሳደገን የእንሰት ጓሮ እንጂ ሐይቅ አይደለም። መኪና ቢበላሽ ወርደን በእግር እንሄዳለን፤ ከጀልባ ግን ወዴት ይወረዳል? የሐይቁ ጥልቀት ከ9 ሜትር እምብዛም አያልፍም ተብሎ መናቅ አይገባም፤ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ ሲነሣበት ፈጥኖ ይናወጣልና። ነፋሱም ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ በማለዳ መነሣት ይበጃል። ጀልባው ከሞላ ሁለተኛውን እንጠብቅ፤ ለልጆቻችን በልካቸው የተሠራ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳናስር አንሣፈር። ባለ ጀልባው «ዛሬ አይሆንም» ካለም ከሩቅ መጥተናል ብለን አናስጨንቀው።

በገሊላ ባሕር በማዕበል ጊዜ ከጮኹት ደቀ መዛሙርት መካከል ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ውሃ የለመዱት ከፈሩ፣ እኛ ያልለመድነው ብንጠነቀቅ የእምነት ጉድለት አይሆንብንም። ደሴቲቱ ነገም ከስፍራዋ አትነቃነቅም፤ ከዳር ተሳልመን ከነልጆቻችን በሰላም ብንመለስም በዓላችን አልጎደለም።