በሥራ መካከል የልብ ዕረፍት

ባለፈው ሳምንት ከካዛንቺስ ወደ ቅዱስ ዑራኤል ቁልቁል ስወርድ አንድ ወጣት መንገድ ላይ አገኘኝ። የዱሮ ጎረቤቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ማታ ማታም ለሁለተኛ ዲግሪ ይማራል። በአንድ እጁ ስልኩን፣ በሌላው የምሳ ዕቃውን እንደ ያዘ ሰላምታ ሰጠኝና «ጋሼ፣ እኔ እኮ መጸለይ ትቻለሁ» አለኝ። ነገሩን የተናገረው በሐዘን እንጂ በኩራት አልነበረም። «ጧት በዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ ለታክሲ እሰለፋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ባለጉዳይ ነው፤ ማታ ትምህርት ነው፤ እቤቴ ስገባ እንቅልፍ ይጥለኛል። ትንሽ ሥራ ሲቀልልኝና ኑሮዬ ሲደላደል፣ ያን ጊዜ ከእግዚአብሔር ጋራ እታረቃለሁ» አለና፣ ታክሲው ስለ ደረሰለት ሮጦ ሄደ።

መልስ ሳልሰጠው አመለጠኝ። ይሁን እንጂ የእሱ ችግር የብዙ ተማሪዎችና የብዙ ወጣት ሠራተኞች ችግር ስለ ሆነ፣ በመንገድ ላይ ያልሰጠሁትን መልስ ዛሬ በዚህ ገጽ ልሰጠው አስቤአለሁ።

አስቀድሜ ስለ ተገናኘንበት ሰፈር ጥቂት ልናገር። ካዛንቺስ የሚለው ስም ከየት እንደ መጣ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ጣሊያን አገራችንን ይዞ በነበረበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥቱ ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚያሠራ በአጭር ስሙ «ኢንቺስ» የሚባል ድርጅት ነበረው። «ካዜ» ማለት በቋንቋቸው ቤቶች ማለት ነው። «ካዜ ኢንቺስ»፣ ይኸውም የኢንቺስ ቤቶች፣ በእኛ አፍ ሲዞር ካዛንቺስ ሆነ። እንግዲህ ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ሰፈር ነው። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ አፍሪካ አዳራሽ በአቅራቢያው ተመርቆ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሩጫ ይበልጥ በረታ።

እኔም በዚያ ሰፈር ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ግቢአችን ጠባብ ቢሆንም በስተኋላው አንድ ጽድ ነበረበት። ጧት ከሥራ በፊት ከጽዱ ሥር በርጩማ አስቀምጬ ዳዊቴን እደግም ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሥራ ሲነሣ ቤታችንም ፈረሰ፤ ጎረቤቱም ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበታተነ። በአዲሱ ቤቴ በመጀመሪያዎቹ ወራት መጸለይ አቃተኝ። ዳዊቱን እከፍታለሁ፤ ዐይኔ ያነባል፤ ልቤ ግን ጽዱ ከነበረበት ቦታ ይዞራል። ጸሎቴ ከዛፉ ጋራ የተቆረጠ መሰለኝ።

አሁን ሳስበው፣ ያ ወጣትና እኔ የተሳሳትነው አንድ ዓይነት ስሕተት ነው። እሱ የልብ ዕረፍትን ወደፊት በሚመጣ የተመቸ ጊዜ ውስጥ አስቀመጠው፤ እኔ ደግሞ በጠፋ ግቢ ውስጥ አስቀመጥሁት። ሁለታችንም ዛሬን ባዶ አደረግነው። እኔ ግን ይህን ስሕተት መሳሳት አልነበረብኝም፤ ምክንያቱም ገና በወጣትነቴ፣ በሚያሳፍር ሁኔታ፣ ተምሬው ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1980ዎቹ ውስጥ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት በትንሽ ደረጃ ተቀጥሬ የባለጉዳይ መዝገብ እመለከት ነበር። ሥራው በዛብኝ፤ ቁጣ ቁጣ ይለኝ ጀመር። አንድ ቀን የሟች ባላቸውን የጡረታ ገንዘብ የሚጠይቁ አንዲት አሮጊት መጡ። ከወረቀታቸው ላይ አንድ ፊርማ ጎድሎ ስለ ነበር ነገ እንዲመጡ ነገርኋቸው። በማግስቱ ሲመጡ ደግሞ ሌላ ቀን ቀጠርኋቸው። በሦስተኛው ጊዜ «አንተ ልጅ፣ እናት የለህም ወይ?» አሉኝ። ይህን ንግግር በባልደረቦቼ ፊት ስለ ተናገሩኝ ተናደድሁ፤ መዝገባቸውንም ከመሳቢያዬ ከታች አድርጌ ቈለፍሁበት። አልጣልሁትም፤ እምቢም አላልሁም፤ «በሂደት ላይ ነው» እያልሁ ብቻ አቈየሁት።

ነሐሴ ገባ። እንደ ብዙ ሰው እኔም የዓመት ፈቃዴን ለፍልሰታ ጾም አድርጌ፣ ሱባኤ ለመያዝ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄድሁ። ደብረ ሊባኖስ በጎጃም መንገድ ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። እዚያ ስደርስ ሩጫው ሁሉ ከኋላዬ የቀረ መሰለኝ። ስልክ የለ፣ አለቃ የለ፣ ባለጉዳይ የለ። ገደሉ፣ ጉሙና ዝናሙ ብቻ ነው። ነገር ግን የውጭው ድምፅ ጸጥ ሲል የውስጡ ድምፅ ጎልቶ ተሰማኝ። በቅዳሴው ላይ ምእመናን እርስ በርሳቸው ሰላምታ የሚለዋወጡበት ሰዓት ሲደርስ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እጅ ነሣሁ። በዚያች ቅጽበት የአሮጊቷ ፊት መጣብኝ። በማግስቱም እንደዚሁ ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ለአንድ ሽማግሌ መነኵሴ ነገሩን አጫወትኋቸው። ረጅም ተግሣጽ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን፣ «መዝገቡ አሁን የት ነው?» አሉኝ። «መሳቢያ ውስጥ ነው፣ አባቴ» አልሁ። «ቁልፉስ ከማን ዘንድ ነው?» አሉኝ። «ከእኔ ዘንድ ነው» አልሁ። «ታዲያ ልጄ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብለው ዝም አሉ።

በዚያው ቀን አውቶቡስ ያዝሁ። በፈቃድ ላይ ሳለሁ መሥሪያ ቤት ስገባ ባልደረቦቼ ተገረሙ። የጎደለውን ፊርማ ለማግኘት የፈጀብኝ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። አሮጊቷን በአድራሻቸው አስጠርቼ ወረቀቱን ስሰጣቸው፣ እነዚያን ሳምንታት ከጎረቤት እየተበደሩ እንደ ኖሩ ሰማሁ። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እሳቸውም «እግዜር ይስጥህ» ከማለት በቀር አልተናገሩኝም። የተበደሩበትን ዕፍረት ልመልስላቸው አልችልም ነበር። ቢሆንም በዚያች ሌሊት ጸሎቴ አጭር ነበረ፤ እንቅልፌም የሰላም እንቅልፍ ነበረ።

ገዳም መሄድ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ገዳሙ ባይኖር ኖሮ የራሴን ልብ ድምፅ ባልሰማሁም ነበር። ለማለት የፈለግሁት የሚከተለውን ነው። ልባችንን የሚያውኩ ሁለት ዓይነት ድምፆች አሉ። አንደኛው የሥራ ብዛት ነው፤ ይህን ጥቂት ጊዜ በመቍረጥ ማስታገሥ ይቻላል። ሁለተኛው ያጐደልነው ነገር ነው፤ ይህ ግን ከእኛ ጋራ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ገዳምም ይገባል። ከሰው ጋራ ያለንን ሒሳብ ሳንዘጋ ከእግዚአብሔር ጋራ ሰላም እናገኛለን ብንል ራሳችንን እናታልላለን። ወንጌልም መባውን በመሠዊያው ፊት አቁሞ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋራ የሚታረቀውን ሰው መንገድ የሚያስተምረን ስለዚሁ ነው።

የሥራ ብዛት ብቻውን ከእግዚአብሔር አያርቅም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑ ሦስት የመንግሥት ሠራተኞች በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እናገኛለን።

የመጀመሪያው ዳንኤል ነው። ንጉሥ ዳርዮስ በመንግሥቱ ላይ 120 ገዢዎችን ሲሾም፣ በእነሱ ላይ ከተሾሙት ከሦስቱ አለቆች አንዱ እሱ ነበረ። ከዚህ የሚበልጥ የሥራ ጭነት ያለበት ሰው ከመካከላችን ማን ነው? እሱ ግን በቀን ሦስት ጊዜ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ ይጸልይ ነበር። ልናስተውለው የሚገባው ሌላም ነገር አለ፤ ጠላቶቹ ሊከሱት ቢፈልጉ በሥራው ላይ አንዳች ጉድለት አላገኙበትም። ጸሎቱ የሥራ ማምለጫ አልነበረም ማለት ነው።

ሁለተኛው የንጉሥ አርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነህምያ ነው። ንጉሡ «ፊትህ ለምን አዘነ?» ብሎ ሲጠይቀው እጅግ ፈራ። በንጉሡ ጥያቄና በራሱ መልስ መካከል ግን ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። አለቃ ፊት ቆሞ መልስ የሚጠበቅበት ሰው ምን ያህል ጊዜ አለው? አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ይሁን እንጂ ይህች አጭር ጸሎት ከባዶ ልብ አልወጣችም፤ ነህምያ ከዚያ በፊት ብዙ ቀን በጾምና በልቅሶ ሲጸልይ ቈይቶ ነበር። ጧት ውኃ የተቀዳበት እንስራ ቀኑን ሙሉ በጽዋ ይጨለፍለታል፤ ጧት ያልተሞላ ግን በቀትር ቢዘቀዝቁት ጠብታ የለውም።

ሦስተኛው የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ገንዘብ ያዥ የነበረው ጃንደረባ ነው። የአንድ መንግሥት ግምጃ ቤት በእጁ ያለ ሰው ሥራ ፈት ሊሆን አይችልም። እሱ ግን ከኢየሩሳሌም ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ያልገባውንም ነገር ወንጌላዊው ፊልጶስን ጠይቆ ተረዳ፤ በዚያው ጒዞ ላይ ተጠምቆ ደስ እያለው መንገዱን ቀጠለ። የመንገድ ጊዜ የባከነ ጊዜ አይደለም ማለት ነው። ከቤት እስከ ቢሮ በታክሲ አንድ ሰዓት የሚጓዝ ወጣት የአንድ ሰዓት ሠረገላ አለው።

የእኛ አባቶችም ይህን ነገር ያውቁት ነበር። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የቀኑ የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ እነሱም ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ቀትር፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ የመኝታ ጊዜና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ቍጠሯቸው! ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት በሥራ ቀን መካከል የሚውሉ ናቸው። በሦስት ሰዓት ሻይ እንጠጣለን፤ በስድስት ሰዓት ምሳ እንበላለን፤ በዘጠኝ ሰዓት ድካም ይጫነናል። በሦስቱም ሰዓት ለአንድ ደቂቃ ከወንበራችን ላይ ሆነን ዝም ብንል፣ ሥራ የሚጓደልበት መሥሪያ ቤት የለም። እስላም የሆነው ባልደረባችን ለዙህርና ለዐስር ሰላት ተነሥቶ ሲመለስ፣ ሥራውን በረጋ መንፈስ ሲቀጥል ስንቶቻችን አይተናል። ከእሱ ልንማር ይገባናል እንጂ «ምን ጊዜ አገኘ?» ልንል አይገባንም።

እንግዲህ ለዚያ ወጣት፣ እንደ እሱም ላሉ አንባቢዎቼ፣ ከልምዴ የማካፍላቸው ምክር ይህ ነው። ጧት ስትነሣ ስልክህን ከመክፈትህ በፊት ዐሥር ደቂቃ ለእግዚአብሔር ስጥ፤ ዐሥሩ ቢከብድህ በአምስት ጀምር፤ ግን አታቋርጥ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስታልፍ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ቆም ብለህ ተሳለም፤ ታክሲ ቢያመልጥህ ሌላ ይመጣል። ባለጉዳይ ሲቈጣህ ከመመለስህ በፊት እንደ ነህምያ አንድ ትንፋሽ ወደ ላይ ስደድ። ማታ ወደ ቤትህ ከመሄድህ በፊት መሳቢያህን ክፈትና «የማንን እንባ ቈልፌ ልሄድ ነው?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ተማሪም ብትሆን መሳቢያ አለህ፤ ያልመለስኸው የጓደኛ ገንዘብ ወይም ያልደወልህላት እናት በውስጡ ይገኙ ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ሰላም የጐደለው ሩጫም እንዲሁ ሥራን ሁለት ጊዜ ያሠራል።

እኔም ይህን ከጻፍሁ በኋላ የራሴን መሳቢያ መክፈት ነበረብኝ። ስለ ፈረሰው ቤቴ በልቤ የያዝሁት ቂም ጸሎቴን ቈልፎት እንደ ነበረ አሁን ገብቶኛል። ሐዘኑ አልወጣልኝም፤ ምናልባትም አይወጣልኝ ይሆናል። ግን ከእግዚአብሔር ሸሽጌ የምይዘው ነገር መሆኑን ትቻለሁ። አሁን ሐዘኑን ራሱን በጸሎቴ ውስጥ እነግረዋለሁ።

አንዳንድ ቀን ጉዳይ ሲያጋጥመኝ ወደ ካዛንቺስ እመጣለሁ። መንገዱ ሰፍቷል፤ ጽዱ የነበረበትን ቦታ በትክክል መለየት አልችልም። ቁልቁል ወርጄ ዑራኤል ደጅ ስደርስ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ፤ ለአንድ አፍታም እቆማለሁ። መኪናው ይጮኻል፤ ሰው ይጋፋል። በዚያ መካከል የዱሮው የጽዱ ሥር ጸጥታ ተመልሶ ይመጣልኛል። ያ ወጣት በዚያ መንገድ ሲያልፍ ቢያገኘኝ፣ ለአንድ ደቂቃ አብሮኝ እንዲቆም እጋብዘዋለሁ።