ፍርሀት ሥርዐት አይደለም

በመስከረም ወር አዲስ መምህር ወደ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ነባሮቹ አስቀድመው የሚሰጡት ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ይኸውም «ፊት አትስጣቸው፤ አንድ ጊዜ ከናቁህ አለቀልህ» የሚል ነው። ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ስድሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቆ ሲንጫጫ የሰማ ሰው የመምህሩን ጭንቀት ያውቀዋልና። ነገር ግን በቅን ልብ የተሰጠ ምክር ሁሉ እውነተኛ ምክር ነው ማለት አይደለም። ይህ ምክር መምህሩንም ተማሪውንም የሚጎዳ ስለ ሆነ ዝም ልለው አልወደድሁም።

ምክሩን የሚደግፉ ሰዎች ሦስት ማስረጃ ያቀርባሉ። መጀመሪያ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለውን ተረት ያነሣሉ። ሁለተኛ ጠቢቡ ሰሎሞን ስለ በትር የተናገረውን ይጠቅሳሉ። ሦስተኛም «እኛስ ፊደል የቈጠርነው በየኔታ አለንጋ አይደለም ወይ?» ይላሉ።

ተረቱ ልጅ አስቀድሞ እርማትን ይልመድ ይላል እንጂ በምን ይታረም የሚለውን አይወስንም። በትርም ቢሆን የእረኛ መሣሪያ ናት። እረኛ በትሩን የሚይዘው ተኵላውን ሊከላከልበትና መንጋውን ሊመራበት ነው፤ ዳዊትም በመዝሙሩ ያችን በትር መጽናኛው አድርጎ ይቈጥራታል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ያዝዛል። ስለዚህ ከመጽሐፍ አንዱን ቃል ብቻ መዝዞ ሌላውን መተው ለንባብ አዋቂ አይገባም።

ስለ የኔታ የሚነገረው ግን ሰፋ ያለ መልስ ያስፈልገዋል። በእርግጥ አለንጋው ነበረ። ነገር ግን ያንን ጉባኤ አጽንቶ ያቆመው አለንጋ ነበረን? በየኔታ ቤት እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ንባብ ይዞ ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት እንደ ችሎታው ይራመድ ነበር። ከፍ ያለው ታናሹን ያስቈጥር ነበር። የኔታም ልጁን ወደ ጎናቸው ጠርተው ያስነብቡት ነበርና ስሙንም አባቱንም፣ ትናንት ያቆመበትንም ስፍራ ያውቁ ነበር። ሥራ ፈትቶ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ጥቂት ነበረ። እኛ ዛሬ አለንጋውን ወርሰን ይህን ሁሉ ትተነዋል። ይህ የአባቶችን ፈለግ መከተል አይባልም።

ሕጉም ቢሆን ተለውጧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መምህር ተማሪውን በመጠኑ ቢቀጣው እንደ ጥፋት አይቈጥርበትም ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። እንግዲህ አርጩሜ የያዘ መምህር ሕግ አክብሩ ብሎ ለማስተማር በምን አፉ ይናገራል?

እኔ ይህን የምጽፈው ከበደል ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ያንኑ ምክር ተቀብዬ አርጩሜ ይዤ እገባ ነበር። በመስኮቱ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ዘወትር አርፍዶ ይመጣል፤ ከመጣም በኋላ ጓደኛውን ይነካካል። እኔም ዘወትር እመታዋለሁ። ክፍሉ ጸጥ ስላለ ሥራዬ የተቃና መሰለኝ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጁ ቀረ። ስም የሚጠራው የክፍሉ አለቃ ነበርና፣ በወሩ መጨረሻ መዝገቡን ብገልጥ ጨርሰው የቀሩት ሦስት ልጆች ሆነው አገኘሁ፤ ከሦስቱ ስሞች የእርሱ የትኛው እንደ ሆነ ግን አላወቅሁም። ልጆቹን ብጠይቅ ስሙን ነገሩኝ፤ ማለዳ ከእናቱ ጋር እንጨት ገበያ አድርሶ ይመጣ እንደ ነበረም ጨመሩልኝ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ያ የተመካሁበት ጸጥታ ዋጋው ይህ ነበር።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጄኮብ ኩኒን በ1970 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የብዙ ክፍሎችን ጠባይ መርምሯል። ያገኘውም ነገር፣ ሥርዐት ያለውን ክፍል ከሌለው የሚለየው መምህሩ ጥፋት ከተፈጸመ በኋላ የሚያደርገው ቍጣ ሳይሆን ጥፋቱ ሳይጀመር የሚያደርገው ጥንቃቄና አዘገጃጀት መሆኑን ነው። ክፍሉን ሁሉ በዓይኑ የሚጠብቅ፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ያለ መዘግየት የሚያሻግር መምህር ለመቈጣት ምክንያቱ ያንስለታል።

ስለዚህ ወንድሜ አዲስ መምህር ሆይ፤ ከልጆቹ ቀድመህ ግባ፤ ሥራቸውም በሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይጠብቃቸው። ስማቸውን አጥና። ደንብህ ሦስት ወይም አራት ይሁን፤ ለባለጸጋውም ለድኻውም ልጅ አንድ ይሁን። የማትፈጽመውን ዛቻ አትዛት። በአንዱ ጥፋት ክፍሉን ሁሉ አትቅጣ። ያጠፋውን በጓደኞቹ ፊት አታዋርደው፤ ለብቻው ጠርተህ ምክንያቱን ጠይቀው እንጂ። ወላጁንም ለክስ ብቻ አትጥራ፤ ልጁ በበረታ ቀንም ላክበት።

«በስድሳ ልጅ መካከል ይህ ሁሉ እንዴት ይቻላል?» የሚል አይጠፋም። አንዱን ልጅ ለመምታት ሥራው ሲቆም ሃምሳ ዘጠኙ ተመልካች ይሆናሉ፤ ጊዜ የሚያባክነው ይህ ነው።

ሆኖም ነገሩን ሁሉ በአዲሱ መምህር ጫንቃ ላይ መጣል ሌላ በደል ነው። አርጩሜውን «ጣል» ብለው በምትኩ ምንም የማይሰጡት አለቆች ከወቀሳ አያመልጡም። ነባሩ የሸሸው ክፍል ለእንግዳው ይሰጣል፤ ክፍሉ ሲታወክ ደግሞ «አቅም የለውም» ተብሎ ይታማል። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን በመምህሩ ፊት እየነገረ፣ እየታረመ ያድጋል እንጂ በመጀመሪያው ቀን ወንበር አይዘረጋም። ለልጆቻችን አስተማሪ የሚሆነውንስ ያለ አስታራሚ ስለ ምን እንሰደዋለን? በመጀመሪያው ዓመት ክፍሉ ይቅለልለት፤ ጨዋ የሆነ ነባር መምህርም ከክፍሉ ተቀምጦ አይቶ ለብቻው ይምከረው።

ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል። በፍርሀት የተገኘ ጸጥታ መምህሩ ፊቱን ሲያዞር ይፈርሳል፤ በመታወቅና በሥራ የተገኘው ግን መምህሩ በሌለበትም ይጸናል። የሚቀጥለው መስከረም ሳይደርስ እያንዳንዳችን በየትምህርት ቤታችን ለአዲሱ መምህር የምንሰጠውን ምክር እንመርምር።